ዓሣ ያነሰው ሽማግሌ

ከሐይቅ ከተመለስሁ ጀምሮ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባልደረቦቼ ሻይ ይዘው ይከቡኛል። «እስቲ የሽምግልናውን ንገረን» ይሉኛል። ግማሹ ላይ ስደርስ ደወል ይደወላል። ከእነሱ መካከል ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ደወል የማያቋርጠው ወረቀት ነው ብዬ ይኸው ጻፍሁት።

ስሜ አበራ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሁለትና ሁለት አራት ነው ስል የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ቃልም እንደ ቁጥር አንድ ዋጋ ብቻ ያለው ይመስለኛል። ለውጡ የመጣ ጊዜ «መደመር» የሚለው ቃል በየስብሰባው ሲነሣ፣ መንግሥት በመጨረሻ የእኔን ትምህርት ዋጋ የተረዳ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ጉዞው የተነሣው በዮናስ ምክንያት ነው። ዮናስ የሟች ጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ደሴ ውስጥ ነርስ ሆኖ ይሠራል። ጦርነቱ ወደዚያ የመጣ ጊዜ ሕመምተኛ እየደገፈ በእግሩ ሲሸሽ፣ ከጎኑ አራስ ሴት ደግፋ የምትሄድ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ወለላ ትባላለች፤ የሐይቅ ልጅ ናት። ሦስት ቀን አብረው ተጓዙ። ከዚያ በኋላ መለያየት አልሆነላቸውም። ጦርነቱ ከሐይቅ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ጥር ሲገባ ዮናስ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ከአያቷ ዘንድ ሽማግሌ ሁነህ ሂድልኝ» አለኝ። ያሳደጓት አያቷ አቶ ይመር ናቸው። ቀጥሎም «ተጠንቀቁ እንጂ፣ ሰውዬው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ነው የሚናገሩት ይባላል» አለኝ። እኔ በሁለት ቃል አንድ ነገር ለመናገር የምቸገር ሰው ነኝ።

ረቡዕ

ሦስት ሽማግሌ ነበር የተዘጋጀነው። ሦስተኛው በዋዜማው ጥርሱን ታሞ ጉንጩ አብጦ ቀረ። የቀረነው እኔና አቶ ደምሴ ነን። ደምሴ ጡረታ የወጣ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሰውነቱም ድምፁም ትልቅ ነው። በስልክ ሲናገር ስልኩ ትርፍ ነው፤ መስኮት ቢከፍት ይበቃዋል።

ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ ተነሣን። ጣርማ በር ላይ ሦስት ልብስ ደርበን ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ነበር። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ አንድ ልብስ ብቻ ቀረን፤ ደምሴ እሱንም በክፉ ዓይን ያየው ጀመር። እኛ አገር ሰው አፉን የሚከፍተው ብርዱ ሲፈቅድለት ነው፤ ቆላው ላይ ግን አውቶቡሱ በሙሉ ያወራል። በመንገዱ ዳር የተቃጠሉ የጭነት መኪናዎች ቆመው ነበር። ከአንደኛው ጥላ ሥር ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ።

ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወታደር መታወቂያችንን አየና «ምንድን ናችሁ?» አለን።

«ሽማግሌ ነን» አለ ደምሴ።

«እሱንማ እያየሁ ነው። ሥራችሁን ነው የጠየቅሁት።»

«ሥራችንም ሽማግሌ ነው! ልጅ ልንጠይቅ ወደ ሐይቅ እየሄድን ነው።»

ወታደሩ መታወቂያዬን ሲመልስልኝ ትንሽ ያዘው። «እኔም ስመለስ ትመጡልኛላችሁ?» አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አይቀልድም። አድራሻዬን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። አጣጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተው።

ደሴ ከሰዓት በኋላ ደረስንና ወደ ሚኒባስ ተዛወርን። ረዳቱ ደምሴን ስሙን ጠይቆት ሲሰማ፣ «እንኳን ደሴ ደረስህ፤ "ም"ህን መንገድ ላይ ጥለህ ብትመጣ ከተማው ያንተ ነበር» አለው። ሰው ሳቀ። እኔ ለሾፌሩ፣ «ሐይቅ ላይ ነው የምንወርደው» አልሁት።

በመስታወት አየኝ። «ዋና ትችላላችሁ?»

«ለምን?»

«ሐይቅ ላይ ከሆነ የምትወርዱት ብዬ ነዋ።»

«ከተማው ላይ ነው» ብዬ አረምሁት። ያኔማ ሳቁ ባሰ። ከኋላዬ የተቀመጡ አሮጊት፣ «ተው ልጄ፣ እንግዳ ናቸው፤ ዳር ዳሩን አውርዳቸው» አሉት። ነገሩ የገባኝ ወርጄ ሻንጣዬን ከተቀበልሁ በኋላ ነው።

ያረፍነው በአንድ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቱ ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ፤ ሸበቶ ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ዓይናቸው ከአፋቸው ቀድሞ የሚስቅ ሰው ናቸው። መዝገብ ከፍተው «ስምህ ማን ልበል?» አሉኝ።

«አበራ።»

«አልሃምዱሊላህ! መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እንኳን መጣህልን።»

«እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ የመብራት ሠራተኛ አይደለሁም።»

ብዕሩን አስቀመጡና ደምሴን በሐዘኔታ አዩት። «ይኼ ሰውዬ ሁሌም እንዲህ ነው?» አሉት። ደምሴ «ከዚህም ይብሳል» አላቸው።

የክፍላችን በር ሁለት የጥይት ቀዳዳ ነበረው። ጋሽ እንድሪስ «ለአንዳንዳችሁ አንዳንድ ነው፤ ማን እንደመጣ ለማየት አትጣሉም» ብለው ቁልፉን ሰጡን። ብርድ ልብስ እንዳያንሰን ሲጨነቁ፣ ብርድ ልብስ ከሚሠራበት ከተማ እንደመጣንና አንድ ብቻ እንደሚበቃን ነገርናቸው። እሳቸው ግን ሦስት ጨመሩልን። በሐይቅ እንግዳ «በቃኝ» ያለው አይሰማም መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ተቃራኒውን አየሁ።

እራት ምስር ወጥ ነበር። ስንበላ ስለመጣንበት ጉዳይ ነገርናቸው። የአቶ ይመርን ስም ሲሰሙ ሳቁና ሁለት ነገር አጫወቱን። አቶ ይመርና ሼህ ሙሔ የሚባሉ የአምባሰል ሰው ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃል ሲነካከሱ የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ ቀን ሼህ ሙሔ ርቧቸው ከይመር ቤት ገቡና «ምሳ ደረሰ?» ይላሉ። ይመር «ገና ነው» ይሏቸዋል። ሼሁ ብድግ ብለው «እንኳን አደረሰህ! ዶሮው የታለ?» አሉ። በዓመቱ ደግሞ ይመር ከሼሁ ቤት ሄደው እጅ ሲታጠቡ ሳሙናውን ደጋግመው አሹትና፣ «ሙሔ፣ አረፋ ነው፤ በግህን አታርድም?» አሉ። ከተማው ይህን ዓመት ሙሉ ሲቀባበለው ኖረ።

ደምሴ ምግቡን ማኘክ አቆመ። «እንግዲህ ነገ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ልንቆም ነው?» አለ።

«አብሽሩ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ሦስተኛ ሽማግሌያችሁ ጥርሱን ነው የታመመው? የእኔ ጥርስ ደህና ነው። አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ለክርስቲያን ጋብቻ እስላም ሽማግሌ ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄዬ አልገባቸውም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ

የአቶ ይመር ቤት ከሐይቁ ዳር ካለው መንደር ነው። ግቢው ሙሉ ማሽላ በአጎዛና በሸራ ላይ ተሰጥቷል። የወለላ አክስት ወይዘሮ ጌጤ ዶሮ እየከለከሉ ተቀበሉን። አቶ ይመር ቀጭን፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። «ግቡ» አሉን። ቀጥለውም «ተቀመጡ» አሉ።

እኔ ሁለቱንም ቃል በልቤ ገለባበጥኋቸው። «ግቡ» ያሉት ወደ ቤት ነው ወይስ ይግባችሁ ማለታቸው ነው? «ተቀመጡ»ስ ቆዩ ማለት ይሆን? ኋላ ላይ ሳስበው ሁለቱም ምንም አልነበረባቸውም። ሰውዬው እኛን እንድንገባና እንድንቀመጥ ብቻ ነበር የፈለጉት። ያ ሁሉ ዝና የተነገረላቸው ሰው ቃላቸው አጭርና ደረቅ፣ እንደ እኔው ነው። ዓይናቸው አንዳንዴ አጠገባቸው ወዳለው ባዶ የእንጨት ዱካ ይሄድና ይመለሳል።

ደምሴ ተነሣ። ስለ ዮናስ አባት፣ ስለ ዮናስ ትጋት፣ በስደቱ መንገድ ስለ ነበረው ሁሉ በሚያምር ቃል ተናገረ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንግዲህ ወለላን ለልጃችን ለዮናስ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ስጡን!» አለ።

«ስጡን!» አለች ከውጭ አንዲት ሴት። «ኧረ ስጡን! ምን ትጠብቃላችሁ? ስጡን!»

የወይዘሮ ጌጤ ድምፅ ነው። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አክስቷ ከእኛ ወገን ሆና ከውጭ ስትማጠንልን እንዲህ ያለ ሽምግልና የት አለ! ጋሽ እንድሪስ ግን ብድግ አሉ፤ አቶ ይመርም ተነሡ። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ያንኳኳው ጀመር። ስጡ! ማሽላው! ሁላችንም ወደ ውጭ ሮጥን። ደምሴ በጥቁር ሱፉ ተንበርክኮ ማሽላ በእጁ ያፍሳል። እኔ የሸራውን አንድ ጫፍ ይዤ ወዴት እንደምጎትት ሳላውቅ፣ ከሌላው ጫፍ ከጋሽ እንድሪስ ጋር ስንጓተት ግማሹን ደፋነው። ቀኑ የዶሮዎቹ ሆነ።

ስንጨርስ ሁላችንም ርሰን በረንዳው ላይ ቆምን። ጋሽ እንድሪስ «ይመር፣ ስጡን ሲሉህ እኮ እየሰጡ ሳይሆን እያነሡ ነው» ብለው ነገር ወረወሩ፤ አቶ ይመር እንዲመልሱላቸው ነበር። የሰውዬው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ያን ባዶ ዱካ በበሩ አሻግረው አዩ። «ምሳ ቅረቡ» ብቻ አሉ።

ምሳው የሐይቁ ዓሣ ነበር። ቆሮሶ ይሉታል፤ ሙሉውን ጠብሰው በዳጣ ያቀርቡታል። እኛ አገር ዓሣ የምናየው በቆርቆሮ ታሽጎ ነው፤ ይህ ግን ከጠዋቱ ውኃ ውስጥ ነበር። ለደምሴ የደረሰው ትንሽ ዓሣ ነበር፤ በሁለት ጉርሻ አለቀ። ወይዘሮ ጌጤ «ልጨምርልህ?» አሉት። ደምሴ በወጉ «በቃኝ፣ ተባረኪ» አለ። በደብረ ብርሃን ወግ አስተናጋጇ ሦስት ጊዜ ትለምናለች፣ እንግዳውም በሦስተኛው ይቀበላል። ወይዘሮ ጌጤ ግን የሰውን ቃል የሚያምኑ ሴት ናቸው። ሣህኑን አነሡት።

ደምሴ ሣህኑ ሲሄድ በዓይኑ ተከተለው። ትንሽ ቆይቶ ሚስቱ መድረሱን እንድታውቅ ሊደውልላት ወጣ። ኔትወርክ የሚገኘው ከበሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ብቻ ነው፤ መስመሩም ይቆራረጣል። እኛ ቤት ውስጥ ሆነን ሁሉን ሰማነው።

«ደርሰናል! … ደህና ነን! … በልቻለሁ፤ ግን ዓሣ አነሰኝ! … ኧረ አይሰማሽም? ዓሣ አነሰኝ! አነሰኝ ነው የምልሽ!»

እኔ ሆዱን ስለማውቅ በልቤ ሳቅሁ። ወይዘሮ ጌጤ ማሰሮ ይዘው በሩ ላይ ነበሩ። ቆሙ። ማሰሮውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ወደ አቶ ይመር ጠጋ ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር አሏቸው። ደምሴ ሲመለስ ቤቱ እንደ ጣርማ በር ቀዝቅዟል።

«ሂዱ እንግዲህ» አሉ አቶ ይመር። «ስንፈልጋችሁ እንልክባችኋለን።»

ጋሽ እንድሪስ እንኳ ምን እንደተፈጠረ አላወቁም።

ዓርብ

ቁርስ ላይ ሳለን ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ በማረፊያው በር ገባች። ረጅም፣ ፈጣን፣ እንቅልፍ ያጣች ናት። «ወለላ ነኝ» አለች። «ከእናንተ መካከል "አሳነሰኝ" ብሎ የጮኸው ማነው?»

እኔና ደምሴ ተያየን።

«አክስቴ በጆሮዋ ሰምታለች። "ለሚስቱ ደውሎ ይመር አሳነሰኝ ይላል። ቤታችን ገብቶ፣ ምሳችንን በልቶ፣ አሳነሱኝ ብሎ ለአገሩ ያወራል" ትላለች። አያቴን ሰው አሳነሰ ያለው ሰው እስከ ዛሬ የለም።»

እኔ ገና እያሰላሁ ነበር። ደምሴ ግን በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ዓሣ» አለ በእጆቹ ውስጥ ሆኖ። «ዓሣ ነው ያልሁት። ዓሣው አነሰኝ አልሁ እንጂ!»

ወለላ አየችው። «ዓሣ… አነሰኝ?» ከዚያ ሳቋ መጣ። ጋሽ እንድሪስ ጠረጴዛውን ይዘው ተንፈራፈሩ፤ ልጅቱም ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋባትና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ድሮ ቢሆን ይኼን ለአያቴ ብነግረው ሦስት ቀን ይስቅበት ነበር» አለች። «ቁጣውን አይደለም የምፈራው። ቀልድ ከተወ ጀምሮ የገባው ነገር ሁሉ መውጫ የለውም።»

ከዚያ የነገረችን ይህ ነው። ጦርነቱ ሐይቅን ይዞ መንገድ በተዘጋበት ወራት ሼህ ሙሔ አምባሰል ላይ ነበሩ። የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ መድኃኒታቸው አለቀ። ስልክ የለም። አንድ ቀን ከዚያ በእግሩ የመጣ ሰው ወደ አቶ ይመር ገባና «ሙሔ አረፈ» አላቸው። አቶ ይመር ስንት ሳምንት ወሬያቸውን ሲጠብቁ ስለ ነበር፣ ጓደኛቸው የላከባቸው ነገር መሰላቸው። ሳቁ። «የምን አረፋ አመጣብኝ ደግሞ? የዘንድሮው ካለፈ ስንት ጊዜው ነው፣ በግ እንደሌለኝ እያወቀ!» አሉ። እሳቸው ቀጣዩን ቃል እየጠበቁ ፈገግ እንዳሉ ቆዩ። ቀጣይ ቃል አልነበረም።

«ከዚያ በኋላ አንድም ቀን በቃል ሲጫወት አልሰማሁትም፤ የሼህ ሙሔን ዱካም ሰው እንዲቀመጥበት አይፈቅድም» አለች ወለላ። «ዛሬም በማለዳ አምባሰል ወጥቷል፣ ለሼህ ሙሔ ሚስት እህል ሊወቃላት። አያቴ ሳይመርቀኝ አላገባም፤ ዮናስም ያውቀዋል። ሂዱና አናግሩት። እኔ የምታምጥ ሴት ትጠብቀኛለች።» ብላ ሄደች።

በሚኒባስ ወደ ውጫሌ ሄድን። በአንድ ቃል ትርጉም የተነሣ አገር ከአገር የተዋጋበት ውል የተፈረመበት ቦታ ነው። ደምሴ በመስኮት እያየ «እዚህ ሰፈር ቃል ማጣመም ድሮም አለ» አለ። ጋሽ እንድሪስ ጁምዓቸውን እስኪሰግዱ እኛ ገበያ ገባን። ደምሴ ባዶ እጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ በሁለት ሊትር ጀሪካን የተጣራ ማር ገዛ። ጋሽ እንድሪስ ከመስጊድ ሲወጡ አይተውት ቆሙ።

«ወደ አምባሰል ማር? አሰል በዐረብኛ ማር ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ የማር አምባ ነው ይላሉ። ለሐይቅስ አንድ ጀሪካን ውኃ ለምን አላመጣችሁም?»

ደምሴ ማሩን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ።

በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄድንና በእግር ተያያዝነው። ዳገቱ ለደብረ ብርሃን ሰው እንኳ ዳገት ነው። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ጋሽ እንድሪስ ጫማቸው ውስጥ የገባ ጠጠር ሊያወጡ ወደ ኋላ ቀሩ። ከመንገዱ በላይ አንድ ገበሬ ገለባ እየከመረ ያዜማል። መንገድ ስተን እንዳይሆን ብዬ «ወንድሜ፣ አምባሰል ነው?» ብዬ ጮህሁ።

ዜማውን አቆመ። «የለም፣ ባቲ ነው» አለኝ።

ባቲ በኮምቦልቻ ዞሮ ወደ አፋር የሚኬድበት አገር ነው! «ደምሴ፣ ጠፍተናል» አልሁ። «ወይ ባጃጁ ነው ወይ እንድሪስ ነው ያሳሳተን። ባቲ ነን!»

ደምሴ ማሩን መሬት አስቀምጦ ተቀመጠበት። ጋሽ እንድሪስ ደርሰው ነገሩን ሲሰሙ ከዳገቱ ላይ እንዳይወድቁ ዛፍ ያዙ። «የሚያዜመውን ነው እኮ የጠየቅኸው የመሰለው! ቅኝቱን ነው የነገረህ!» አሉኝ። ገበሬው ደግሞ ከላይ ሆኖ በቅንነት፣ «አምባሰል ከፈለጋችሁ እሱንም እችላለሁ» አለ። ቻለም። እየሰማን ወጣን።

የሼህ ሙሔ ሚስት እትየ ዘይነባ ግቢ ደረስን። አቶ ይመር ከአውድማው ላይ መንሽ ይዘው ቆመዋል፤ ጭንቅላታቸው ላይ ገለባ አለ። አዩን። ደምሴ መንገድ ሙሉ ያጠናውን ንግግር ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ጠፍቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጀሪካኑን እጄ ላይ አስቀመጠና ከኋላዬ ቆመ። እኔም የነበረኝ ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። የሁለት ልጆች ዕድሜ ሙሉ ኑሮ በዚህ በማይረባ ስሕተት ሊበላሽ መሆኑ ታየኝ። ጀሪካኑን በሁለት እጄ ወደፊት ዘርግቼ፣

«ጋሽ ይመር» አልሁ፣ «እባክዎ… ማሩን።»

እትየ ዘይነባ ከበሩ ላይ፣ «ማሩንማ አየነው! ተቀበላቸው እንጂ፣ የሰውን እጅ ታደክማለህ?» አሉ።

«አይ፣ ማሩን አላልሁም» አልሁ ደንግጬ። «ማለቴ፣ ማሩን ነው ያልሁት። ይቅር በሉን ለማለት ነው።»

«ማሩንስ?» አሉ እትየ ዘይነባ።

«ማሩንም ይቀበሉን፤ ግን ማሩን ብዬ የነበረው ማሩን ማለቴ ነበር!»

ጋሽ እንድሪስ ጀርባቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አቶ ይመር መንሹን ገለባው ላይ ሰኩ። መጥተው ጀሪካኑን ከእጄ ወሰዱ፣ ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ።

«ማሩስ ይኸው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰሙን የት ጣላችሁት?»

«ተጣርቶ ነው የገዛነው» አልሁ። ሰም እንደሌለው ማስረዳት ተገቢ ስለመሰለኝ፣ «ሰሙ ከማሩ ጋር ሲሸጥ ክብደቱ…» ብዬ ቀጠልሁ።

እትየ ዘይነባ «ወይ አላህ!» ብለው ጮሁ። ሳቅ ነው ልቅሶ ነው አልታወቀኝም፤ በነጠላቸው ፊታቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ። «ይመር ተናገረ! ሙሔ ይኼን ቢሰማ! ሰሙን አለ፣ ወላሂ ሰሙን አለ!» አቶ ይመርም ያኔ ሳቁ። ሳቃቸው ዝጎ እንደ ቆየ በር ነበር የሚጮኸው፤ መጀመሪያ ተንቋቋ፣ ቀጥሎ ተከፈተ።

አውድማው ዳር ተቀምጠን ደምሴ የዓሣውን ነገር ከነሆዱ ተናዘዘ። አቶ ይመር እያዳመጡ ዕንባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «ዓሣውም አንሶሃል፣ እኛም አሳንሰንሃል» አሉት። «ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የዓሣ ራብ ይዞት የሄደ እንግዳ፣ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። ጌጤን እነግራታለሁ።» ከዚያ ወደ አውድማው ሌላ ጥግ፣ ማንም ወደሌለበት አዩ። «ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ዕድሜዬን ሙሉ ስጫወትበት ኖሬ፣ አንድ ቀን በሁለተኛው ፊቱ ነከሰኝ። ይቅርብኝ ብዬ ነበር።»

«ሙሔ ዝም በል ብሎሃል?» አሉ እትየ ዘይነባ። «እሱ ነው እኔን ዝም በይ ሲለኝ የኖረው፣ አንተን እንዲሰማ።»

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ በክርናቸው ጎሸሙኝ። የመጣሁበትን አስታወስሁ።

«ጋሽ ይመር፣ የልጆቹን ነገር… መልስ ይዘን ብንሄድ።»

«መልስ?» አሉ አቶ ይመር ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። «መልስማ አሁን የለም። መልስ ከሰርጉ በኋላ ነው።»

ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተን፣ ማርም አምጥተን! ለዮናስ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? «እንግዲህ መልሱ እስኪመጣ እኛ…» ስል እትየ ዘይነባ እልልታቸውን አቀለጡት። ከታች የቀረው ገበሬ ዜማውን አቁሞ አብሮ እልል አለ። ደምሴ አቶ ይመርን አቅፎ ገለባ በገለባ ሆነ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

«መልስ ከሰርጉ በኋላ ነው» አሉኝ ጋሽ እንድሪስ በጆሮዬ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብለው። «ከምኑ በኋላ?»

«ከሰርጉ…» አልሁ።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ጌጤ በጠዋት ወደ ማረፊያው መጡ። በቅጠል የተጠቀለለ የተጠበሰ ቆሮሶ በትልቅ ሰሐን ይዘዋል፤ ቆጠርሁት፤ ሃያ ነው። ደምሴን ፊት ለፊት ቆመው «ብላ» አሉት። «በቃኝ» እንዲል ዕድል አልሰጡትም። ጋሽ እንድሪስ ለሦስት ቀን ማረፊያው ክፍያ አንቀበልም አሉ። ብንለምናቸው «ሽማግሌ ነኝ፣ ሽማግሌ ከሽማግሌ አይቀበልም» አሉ፤ ምን ትርጉም እንዳለው አልጠየቅሁም።

ዮናስ ደሴ መናኸሪያ ይጠብቀን ነበር። በስልክ ልንነግረው ሞክረን መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቆርጦብናል። ልጁ ጢሙን አልተላጨም፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሻንጣችንን ሳይቀበል፣ ሰላም ሳይለን፣ «ምን አሉ?» አለ።

ደምሴ ሊናገር አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

«መልስ አሁን የለም አሉ» አልሁት። «መልስ ከሰርጉ በኋላ ነው አሉ።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «መልስ የለም?» አለ። «ስንት ጊዜ ልጠብቅ ነው? ከሰርጉ በኋላ ማለት እኮ… ከማን ሰርግ…»

እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምሁ። ረዳቶቹ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ይላሉ፤ ልጁ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ይቆጥራል፤ ልክ እንደ እኔ ተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳ ፊት። ከዚያ ዓይኑ ከፈት፣ አፉም ከፈት አለ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ፣ ከኋላው ካለው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ!» አለች ባለ ሽንኩርቷ። «ምነው፣ ታመምህ?»

«የለም» አለ ዮናስ ከጆንያው ላይ ሳይነሣ። «ላገባ ነው።»

«እና ለዚህ ነው ሽንኩርቴን የምትጨፈልቀው?» አለች ሴትዮዋ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተነሣ በል፤ ለወጡ ሦስት ኪሎ ልመዝንልህ» አለችው።